የኪስ ማይክሮስኮፕ ለሙከራ ህትመት ካርዶች ምርመራ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ባሕር ዳር ውስጥ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ በ1,850 ብር የገዛኋት የኪስ ማይክሮስኮፕ ስምንት ወር ሙሉ ከእጅ ቦርሳዬ አልወጣችም። ርዝመቷ ከመካከለኛ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ፣ አካሏ ከጥቁር ፕላስቲክ የተሠራ፣ ከ60 እስከ 120 እጥፍ የምታጎላ፣ ከታች አንድ ነጭ መብራት፣ ከጎን ደግሞ አንድ የአልትራቫዮሌት መብራት ያላት፣ በአንድ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ መሣሪያ ናት። ሻጩ ለተማሪዎች የሳይንስ ትምህርት እንደምትጠቅም ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የገዛኋት ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የመሰብሰቢያ ካርድ (ሰዎች የሚጫወቱበትና የሚሰበስቡት ባለ ሥዕል ካርድ) የሙከራ ህትመት ነው ተብሎ የሚቀርብ ወረቀት በእርግጥ ከማተሚያ ማሽን የወጣ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር። በዚህ ግምገማ የምመዝናትም በዚሁ ሥራ ነው።

ወደ ካርዶቹ ያመጣኝ ሙያዬ ነው። በዚሁ ከተማ በሚገኝ ማተሚያ ቤት ፕሌት (ሥዕሉ የሚታተምበትን ስስ የብረት ሰሌዳ) በማዘጋጀትና ቀለም በመቆጣጠር አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ኦፍሴት የሚባለው በፕሌት የሚያትም ማሽን ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ለደንበኛ አይሰጡም። ቀለሙ ወይ ይሳሳል ወይ ይወፍራል፤ ለአራቱ ቀለሞች የተሠሩት አራት ፕሌቶች ገና ስላልተገጣጠሙም በሥዕሉ ላይ ካለችው ሴት ከንፈር ጎን ሌላ ቀይ ከንፈር፣ ከዓይኗ ጎን ሌላ ሰማያዊ ጥላ ይታያል። እነዚህን ወረቀቶች ብላሽ እንላቸው ነበር፤ ገሚሱ ጠረጴዛ ማልበሻ፣ ገሚሱ ማሽን መጥረጊያ ይሆናል። የእህቴ ልጆች ከውጭ አገር በሚላክላቸው ፖኪሞን በተባለው የጃፓን ጨዋታ ካርድ ሲጫወቱ ጠጋ ብዬ ህትመቱን መመልከት ስጀምር፣ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ብላሽ ወረቀት እንደ ቅርስ የሚፈልጉ፣ የሚያጠኑና ከፍተኛ ገንዘብ የሚከፍሉበት ሰዎች መኖራቸውን ተረዳሁ። ነገሩ አላስገረመኝም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ምክንያታቸውን ወዲያው ነበር የተቀበልኩት። ያለቀለት ካርድ የሚያሳየው ውሳኔውን ብቻ ነው፤ የሙከራው ወረቀት ግን ሠራተኛው ሲያመነታ፣ ሲሳሳትና ሲያርም ያሳያል።

ሰብሳቢዎች በአንድ ስም የሚጠሯቸው ወረቀቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ መሣሪያዋ የምትጠቅመውም እንደ ዓይነታቸው ስለሆነ ልዩነታቸውን ማስቀደም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት ጨዋታው ከመታተሙ በፊት ፈጣሪዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት ናሙና ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የሪቻርድ ጋርፊልድ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እሱና ጓደኞቹ ይጫወቱበት የነበረው በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በእጅ በተቆረጠ ካርድ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ማተሚያ ቤቱ ቀለሙንና ቁርጡን ለደንበኛው ለማሳየት የሚያወጣው ናሙና ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ጀርባቸው ባዶ የሆነ ብዙ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ በሙሉ መጠን ታትሞ ጉድለት ስለተገኘበት እንዲወገድ የተወሰነበት፣ ግን ጥቂቱ አምልጦ የቀረ ህትመት ነው። የመጀመሪያው ከኮፒ ማሽን ወይም ከቢሮ ማተሚያ ሊወጣ ይችላል፤ ሦስተኛው ግን የግድ ከኦፍሴት ማሽን መውጣት አለበት። ካርዱ ስለ ራሱ የሚነገረውን ታሪክ ይመስላል ወይስ አይመስልም የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለሦስተኛው ዓይነት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ክረምት የታተመው የማጂክ ካርድ ነው። ቀደም ብሎ የወጣው ህትመት ቀለሙ የደበዘዘና ስህተት የበዛበት ስለነበር እርማት ተደርጎ በድጋሚ ታተመ። በዚህኛው ደግሞ ቀለሙ ከሚገባው በላይ ጠቆረ፤ ሌላ ስህተትም ተጨመረበት። አረንጓዴ መሆን የነበረበት የአውሎ ነፋስ ካርድ በሰማያዊ ፍሬም ወጣ። አብዛኛው እንዲወገድ ሲደረግ ጥቂቱ ተረፈ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የበጋው ማጂክ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ለእነሱ ያ ወቅት በጋ ነውና። የደበዘዘውን ላጠቁር ብሎ ከልክ ማለፍ በማሽን አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስህተት ስለሆነ፣ ይህን ታሪክ ሳነብ የቀድሞ ባልደረቦቼን ሁሉ አስታወስኩ።

ለሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ የሚሆነው ብላስቶይስ የተባለው የፖኪሞን ገጸ ባሕርይ ካርድ ነው። ጨዋታውን በእንግሊዝኛ የማሳተም ፈቃድ ለማግኘት የፈለገው የማጂክ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት፣ ካርዱ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚመስል ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1998 ካርታ ሙንዲ በተባለው የካርድ ማተሚያ ድርጅት በኩል ሁለት ናሙና ብቻ አሠራ። ከሁለቱ አንዱ፣ ጀርባው ባዶ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሄሪቴጅ በተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት በ360,000 ዶላር ተሸጧል። አንድ መደበኛ የመሰብሰቢያ ካርድ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፤ መዳፍ በማይሞላ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ዋጋ ሲወጣ አስመሳይ ነጋዴ መከተሉ አይቀርም።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ተራ ካርድ አስመስሎ የሠራ ሰው የሚያዘው በንጽጽር ነው፤ በሺህ የሚቆጠር እውነተኛ ካርድ ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ማሳየት ይቻላል። የሙከራ ህትመት ግን ወንድም የለውም። ቀለሙ የተለየ ቢሆን ሙከራ ስለሆነ ነው ይባላል፤ ጀርባው ባዶ ቢሆን፣ ፊደሉ ቢወፍር፣ ወረቀቱ ቢሳሳ፣ ሁሉም ሙከራ ስለሆነ ነው ይባላል። በተራ ካርድ ላይ ውድቅ የሚያደርገው ጉድለት ሁሉ እዚህ ዋጋ መጨመሪያ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ከወሬውና ካርዱ ከታሸገበት ፕላስቲክ ወጥቶ ሊጠይቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱንና ቀለሙን። እነዚህ ደግሞ በባዶ ዓይን አይናገሩም።

ይህ ባዶ ስጋት እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በግልጽ ታይቷል። የፖኪሞን ካርድ ጨዋታ በጃፓን ከወጣበት ከ1996 በፊት የተሠሩ ናሙናዎች ናቸው ተብለው፣ የካርድን እውነተኛነትና ይዞታ በሚመሰክር ድርጅት ተረጋግጠውና በፕላስቲክ ታሽገው በውድ ዋጋ ከተሸጡት መካከል አንዳንዶቹ ላይ ሰብሳቢዎች እጅግ ደቃቅ የሆኑ ቢጫ ነጠብጣቦች አገኙ። ብዙ ባለ ቀለም ሌዘር ማተሚያዎች በሚያትሙት ወረቀት ሁሉ ላይ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የታተመበትን ቀን የሚገልጽ ስውር ምልክት በቢጫ ነጠብጣብ ይተዋሉ፤ ዓላማውም ገንዘብና ሰነድ አስመስለው የሚያትሙትን ለመከታተል ነው። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የአንድ የዜሮክስ ማሽን ምልክት እንዴት እንደሚነበብ ይፋ አድርጓል፤ 15 አምድና 8 ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ነው። በእነዚያ ካርዶች ላይ የተገኘው ምልክት ሲነበብ የታተሙበት ዓመት 2024 ሆኖ ተገኘ። ይህን ያጋለጡት ባለሥልጣናት ወይም የተለየ ቤተ ሙከራ ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ በትዕግሥት የተመለከቱ ሰብሳቢዎች ናቸው። እኔም መሣሪያዋን ለመግዛት የወሰንኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ወደ መሣሪያዋ ልመለስ። በ60 እጥፍ ስትታይ የኦፍሴት ህትመት ወዲያው ይለያል። ሲያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች በተለያየ ማዕዘን ተደርድረው ትንንሽ ጽጌረዳ የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ፤ ጥቁሩ ፊደል ግን ብዙውን ጊዜ ከነጠብጣብ ሳይሆን ከአንድ ወጥ ቀለም የተሠራ ስለሆነ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። የቀለም መርጫ ማተሚያ የሠራው ደግሞ ያለ ሥርዓት የተረጨ ነጠብጣብ ነው፤ ቀለሙ በወረቀቱ ቃጫ ተስቦ ይሄዳል። የሌዘር ህትመት ቶነር ዱቄት ስለሆነ በሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ በላይ ይቀመጣል፤ በጎን ብርሃን ሲታይ ያብለጨልጫል፤ በፊደሉ ዙሪያም የተበተነ ቅንጣት አይጠፋበትም። በዚህ ረገድ መሣሪያዋ ከዋጋዋ በላይ ትሠራለች። የነጩ መብራት ብሩህነት በቂ ነው፤ ምስሉ መሃሉ ላይ ጥርት ያለ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ይደበዝዛል፣ ቀጭን የቀስተ ደመና ጥላም ያበጃል።

በጥምቀት ማግስት ያጋጠመኝ ነገር አቅሟን ከሁሉ በላይ ያሳየኛል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ዱባይ የሚኖረው ወንድሙ ለበዓል በመጣ ዘመድ እጅ የላከውን ካርድ ይዞ መጣ። ካርዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሙከራ ከታተመ ትልቅ ወረቀት ላይ የተቆረጠ ነው ተብሎ በ400 ዶላር የቀረበለት ሲሆን፣ ወንድሙ 150ውን ከፍሎ ቀሪውን ከምርመራ በኋላ ሊሰጥ ተስማምቷል። ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ካለችው ቡና አፍይ ዘንድ ተቀመጥን።

«እትዬ፣ ወንድሜ እርስዎ ሳያዩት ቀሪውን አልከፍልም ብሏል» አለኝ።

«እስቲ ከፕላስቲኩ አውጣው፣ ልጄ። ሲኒዎቹንም ራቅ አድርጋቸው፤ ነፋስ አለ።»

ካርዱን በተገለበጠ ትሪ ላይ አስቀምጠን ጠርዙን በሁለት ሳንቲም ያዝነው። ፊቱ ያማረ ነበር፤ ጀርባው ባዶ፣ አንዱ ጎኑ በእጅ የተቆረጠ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የማተሚያ ቤት የመስቀል ምልክት ይታያል። በባዶ ዓይን እኔም እቀበለው ነበር። ማይክሮስኮፗን በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ሳሳርፍ ግን ጥቁሩ ጠርዝ የተቆረጠ አልነበረም፤ ዙሪያውን እንደ ኑግ የተበተኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነበሩ፣ ፊደሉም እንደ ቀለጠ ሰም ከወረቀቱ በላይ ያብለጨልጫል። ከዚያ ልጁ በኪሱ ከያዛቸው ተራ ካርዶች አንዱን አጠገቡ አድርጌ ተመሳሳይ ቦታ አሳየሁት። በዚያኛው ላይ ጽጌረዳዎቹ ተደርድረዋል፤ ፊደሉም ንጹሕ ነው። ከሁሉም በላይ የተናገረው ግን ያ የመስቀል ምልክት ነበር። በእውነተኛ የማሽን ወረቀት ላይ ይህ ምልክት አራቱም ፕሌቶች እየተደራረቡ የሚያትሙት ስለሆነ፣ ጥቂት እንኳ ከተዛነፉ የአንዱ ቀለም ጥላ ከሌላው ጎን ይወጣል። በዚህኛው ላይ ምልክቱ ከጥቁር ቶነር ብቻ ተሠርቷል፤ ለመገጣጠሚያነት ሳይሆን ለማስመሰያነት የተሳለ ነበር።

ልጁ ረጅም ጊዜ ዓይኑን ከመሣሪያዋ ሳያነሣ ቆየ። «ቀለሙ ከብዙ ዓመት ቆይታ ተለውጦ ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀኝ። የኦፍሴት ቀለም ሊደበዝዝ፣ ቢጫውም ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ቶነር አይሆንም። በመጨረሻ በያዝኩት ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ ነጩን ቦታ ስናበራው ተራርቀው የቆሙ ጥቁር የሚመስሉ ነጠብጣቦች ታዩ፤ ቢጫ ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ በነጭ ብርሃን የማይታየው በሰማያዊ ጨልሞ ይወጣል። ወንድሙ ቀሪውን 250 ዶላር አልከፈለም፤ ቀድሞ የሰጠው 150 ግን አልተመለሰለትም።

አንድ ነገር በጥንቃቄ መናገር አለብኝ። ቢጫ ነጠብጣብ መገኘቱ ብቻውን አንድን ናሙና ውድቅ አያደርገውም። እንዲህ ያለው ምልክት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም በባለ ቀለም ኮፒ ማሽኖች ላይ ስለነበር፣ በቢሮ ተሠራ የተባለ እውነተኛ ናሙና ሊይዘው ይችላል፤ ወሳኙ በምልክቱ ውስጥ የተጻፈው ቀን ነው። የልጁን ካርድ የጣለው ታሪኩና ቀለሙ አለመስማማታቸው ነው፤ ከኦፍሴት ማሽን ወጣ ተብሎ ከሌዘር ማተሚያ ወጥቶ ተገኘ። ቀኑን ማንበብን በተመለከተ ደግሞ መሣሪያዋ አትችልም። ነጠብጣቦቹ በግምት አንድ ሚሊሜትር ተራርቀው ስለሚቀመጡና የእሷ የእይታ ክልል ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ፣ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሁለት ወይም ሦስት ነጠብጣብ ነው። ሰንጠረዡን ሙሉ ለማየት ካርዱን በጥሩ ስካነር በከፍተኛ ጥራት ማንሣትና በኮምፒውተር ሰማያዊውን ቀለም ብቻ ለይቶ ማየት ይሻላል፤ ለዚህ በከተማችን ካሉት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች አንዱ በቂ ነው።

አልትራቫዮሌት መብራቷ ከሁሉም ያነሰ የረዳኝ ክፍል ነው። ይህ የመብራቱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠው ማስረጃ ራሱ ውስን ነው። ወረቀትን ይበልጥ ነጭ ለማስመሰል የሚጨመረው ኬሚካል የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ፣ ከ1909 እስከ 1911 የተሠሩትን የአሜሪካ የሲጋራ ካርዶች ለመሰለ ጥንታዊ ዕቃ ጠንካራ ፈተና ነው፤ እንደዚያ ያለ ካርድ ደምቆ ሰማያዊ ካበራ አዲስ ወረቀት ነው። የ1990ዎቹን ካርድና የትናንቱን ወረቀት ግን በዚህ መለየት አይቻልም፤ የሚቻለው ሁለት ካርዶች ከተለያየ ወረቀት መሠራታቸውን ማየት ብቻ ነው። ለዚህም ቢሆን መብራቷ ደካማ በመሆኑ ክፍሉን ማጨለም ያስፈልጋል።

የካርዱን ጠርዝ ማየት ግን ሳልጠብቀው የጠቀመኝ ነገር ሆኗል። የማጂክ ካርድ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ የሚሠራ ሲሆን መካከሉ ላይ ሰማያዊ ንብርብር አለው፤ ካርዱን በሁለት መጽሐፍ መካከል አቁሜ ከላይ ስመለከተው ያ ቀጭን ሰማያዊ መስመር እንደ ክር ይታያል። የሙከራ ህትመት በሌላ ወረቀት ሊሠራ ስለሚችል መስመሩ መጥፋቱ ብቻውን ካርዱን አያስወድቀውም።

ጉድለቶቿን ሳልደብቅ ልናገር። ትኩረት ማስተካከያዋ ጎማ ልል ነው፤ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይጠፋል። ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታይ ካርዱን ወደ ቀኝ ሲገፉት ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ፊደል ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ደቂቃ ይወስድብኝ ነበር። 120 እጥፍ የተባለው በተግባር አይጠቅምም፤ ምስሉ ይጨልማል፣ ከ60ው የተለየ ነገርም አያሳይም። ከሁሉም የከፋው የታችኛዋ የፕላስቲክ ጫፍ ካርዱን የምትነካ መሆኗ ነው። ውድ ካርድ ላይ ስትጎተት ትጭራለች። እኔ ዙሪያዋን በቀጭን ፋሻ ጠቅልያታለሁ፤ ቦታ ለመቀየርም አንሥቼ አስቀምጣለሁ እንጂ አልጎትታትም። ከስልክ ካሜራ ጋር የሚያያይዛት መቆንጠጫ አብሯት ይሸጣል፤ የኔው በሦስተኛው ወር ተሰበረ፤ እስከዚያ ድረስ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ግን ማስረጃ ለመላክ በቂ ነበሩ።

በጥሩ ጎን ደግሞ መብራት በጠፋ ጊዜ ሁሉ መሥራቷን አደንቃለሁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ የቀየርኩት በሚያዝያ ነው፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እየተጠቀምኩ ስድስት ወር ገደማ ቆየልኝ። ወደ ሌንሷ ግን እርጥበት ይገባል። ክረምት ሲመጣ የሐይቁ ዳር አየር ለወረቀትም ለመስተዋትም አይመችም፤ ካርዶችም በዚህ ወቅት ይቆለመማሉ፣ በተለይ የሚያብረቀርቅ ንብርብር ያላቸው፤ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሲያብጥ ንብርብሩ አብሮ ስለማያብጥ ነው። ከዚህ የተነሣ የተቆለመመን ካርድ የግድ ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ ስህተት ይሆናል። እኔ መሣሪያዋንም ካርዶቹንም በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚስቡት ትንንሽ ከረጢቶች ጋር አስቀምጣለሁ፤ በየጫማ ካርቶኑ የሚገኙትን ሳልጥል ማጠራቀም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ለማን እመክራታለሁ? ከዚህ በፊት ምንም መሣሪያ ያልነበረው ሰው በመጀመሪያ ባለ 10 እጥፍ የማተሚያ ቤት ሉፕ (ትንሽ የእጅ ማጉያ መነጽር) ይያዝ። ሉፕ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ምስሉን አይገለብጥም፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ይታገሣል፤ እኔም አሁን ድረስ የመጀመሪያውን ምልከታ የማደርገው በእሱ ነው፣ ሉፑ ጥርጣሬ ሲፈጥርብኝ ደግሞ ወደ ማይክሮስኮፗ አልፋለሁ። አንድ ካርድ ብቻ ኖሮት ለአንድ ጊዜ ማጣራት የሚፈልግ ሰው መግዛት አያስፈልገውም፤ ኦፍሴት ማሽን ባለበት ማተሚያ ቤት ሄዶ ፕሌት የሚሠራውን ሠራተኛ በትሕትና ቢጠይቅ አብዛኛው ጊዜ በደስታ ያየለታል። የሙከራ ህትመት ነው የተባለ ካርድ በመቶ ዶላር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን የመሣሪያዋን ዋጋ ሳያመነታ ያውጣ። ከመሣሪያዋ ጋር አንድ ሰማያዊ የእጅ ባትሪና፣ ከቻለ፣ ከየትኛውም ማተሚያ ቤት የተጣለ አንድ ብላሽ ወረቀት ይያዝ። ከዚህ ወረቀት ላይ ያልተገጣጠሙ ቀለሞችን፣ የመስቀል ምልክቱንና ዳር ላይ ያለውን የቀለም መለኪያ ሰንሰለት አንድ ምሽት ተቀምጦ ቢያጠና፣ እውነተኛ የማሽን ሙከራ ምን እንደሚመስል ዓይኑ ይለምዳል፤ ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ የለም።

ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ሁለት ቀርተው ነበር፤ ዋጋቸው 2,100 ብር ገብቷል። የሚገዛ ሰው ሳጥኑን ከሱቁ ሳይወጣ ይክፈት። ድንጋይ አስገብቶ ሁለቱንም መብራቶች ያብራ፣ ጎማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙራት፤ መሃል ላይ የምታንቋርር ከሆነ ሌላዋን ይጠይቅ። ከዚያም ከኪሱ አንድ የ200 ብር ኖት አውጥቶ ሥዕሉን ይመልከት። የገንዘብ ህትመት ከጽጌረዳ ነጠብጣብ ሳይሆን ከተያያዙ ቀጫጭን መስመሮች ስለሚሠራ፣ መስመሮቹ ሳይደበዝዙ ከታዩ ሌንሱ ደኅና ነው፤ እኔ የመጀመሪያዋን ሳጥን የመለስኩት መስመሮቹ ተደራርበው ስለታዩኝ ነበር፤ ሻጩም ያለ ምንም ክርክር ለውጦ ሰጥቶኛል።